አራት ትራክ ያልበቃው ዘፈን

የወይኒቱ ሠርግ ለጥር ሲቆረጥ ሙሽራዋ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ወርቅ አላለች፤ ቬሎ አላለች። «ሁለቱ አክስቶቼ አብረው ካልዘፈኑልኝ እንደ ተዳርኩ አልቆጥረውም» አለች።

ታላቅ ወንድሟ መልካሙ የሚጠግነውን ቴሌቪዥን ትቶ ቀና አለና በረጅሙ ተነፈሰ። ቬሎ ብትል ይሻለው ነበር። መልካሙ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ራዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። የተቃጠለ ነገር ሁሉ መፍትሔ አለው ብሎ የሚያምን ሰው ነው፤ የአክስቶቹ ነገር ግን እሱንም አቅቶታል።

ዓባይነሽ የእናታቸው እህት ናት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ገጠር ትኖራለች። ገላነሽ የአባታቸው እህት ናት፤ ቡሬ አግብታ በርበሬ ትነግዳለች። በዚያ አካባቢ ሠርግ ያለው ሁሉ ድሮ ሁለቱን ሳይጠራ ጠላ አይጠምቅም ነበር። ዓባይነሽ ግጥሙን ታወርዳለች፣ ገላነሽ ትቀበላለች። የገላነሽ ድምፅ የዓባይነሽን ቃል መሬት ሳይነካ ነው የሚያነሣው ይሉ ነበር ሰዎች።

ያጣላቸውም ዘፈን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የገላነሽ ባል ክንፈሚካኤል ከበቅሎ ወድቆ ወገቡን ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ አንድ ዘመዳቸው ልጁን ዳረ። ለሙሽራው የእርሻ በሬ ተሰጥቶት ነበርና ዓባይነሽ ከበሮዋን አንግታ እንዲህ አለች፦

ከሩቅ ያየሁት ቡሬ ከበሬ ሁሉ አምሮ፣
ቀንበር ያሳዩት ለት ተኛ ተዘርሮ።

ቡሬ የበሬ መልክ ነው፤ ቡሬ የክንፈሚካኤል አገርም ነው። ዳሱ በሣቅ ፈረሰ። ገላነሽ አልተቀበለችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ዓባይነሽ «በሬውን ነው ያልኩት» ብላ ብትምልም፣ ገላነሽ ደግሞ «እሷ ባለችበት ዳስ እግሬ አይገባም» ብላ ማለች። ሽማግሌ ሄደ፤ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሠርገኛ አንዷን ሲጠራ ሌላዋን ይተዋል።

«እኔ አንዷን ጠርቼ አንዷን አልተውም» አለች ወይኒቱ። «ሁለቱም አሳድገውኛል።»

መልካሙ ነገሩን ለጓደኛው ለመሐሪ አጫወተው። መሐሪ ባሕር ዳር የሠርግ ቪዲዮ በሚያቀናብር ቤት ይሠራል። «ታዲያ ምን ያስቸግርሃል?» አለው መሐሪ። «ለየብቻ ቅዳቸው። አንዷ የዘፈነችውን ሌላዋ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ትቀበላለች። ድምፆቹ በየራሳቸው መስመር፣ ትራክ በሚሉት ላይ፣ ይቀመጣሉ፤ ስታጫውተው ግን አብረው የዘፈኑ ነው የሚመስል። ኮምፒዩተር አለህ፤ የሚያስፈልግህ ፕሮግራሙ ብቻ ነው።»

ኮምፒዩተርስ ነበረው። ያገለገለ ነው፤ ስክሪኑ ከኋላው እንደ ሰንዱቅ ይወጣል፤ ሲሞቀው ደርቆ ይቆማል። በ2001 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ጥቂት ስለነበር መልካሙ ዳንቴል ያለብሰው ነበር። መሐሪ ሦስት ዓይነት ፕሮግራም በሲዲ ላከለትና «ሞክርና የሚስማማህን ያዝ» አለው።

ከሦስቱ መምረጡ እንዲህ ቀላል አልሆነም። መልካሙ በምን እንደሚፈትናቸው እንኳ አላወቀም። ዘዴውን ያመጣችው ወይኒቱ ናት። እሷ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ኮምፒዩተር አያስፈራትም። «መጀመሪያ ሳጨበጭብ ቅዳኝ» አለችው። «ከዚያ ያንኑ እየሰማሁ በሌላ ትራክ ደግሜ አጨበጭባለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ካረፉ ፕሮግራሙ ጥሩ ነው። ካላረፉ ዘፈኑም አያርፍም።»

የመጀመሪያው ፕሮግራም የአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች የሚሠሩበት ዓይነት ነው። መልካሙ በጣም ጓጉቶለት ነበር። ሲከፈት ስክሪኑ በቁልፍና በመብራት ተሞላ፤ የአውሮፕላን መሪ የያዘ መሰለው። ወይኒቱ አጨበጨበች፤ ደግማ አጨበጨበች። ሲያጫውቱት ሁለተኛው ጭብጨባ ከመጀመሪያው ኋላ እየዘገየ ጧ-ጧ፣ ጧ-ጧ ይላል። ኮምፒዩተሩም እንደ ወፍጮ አጓርቶ ቀጥ አለ።

«ፕሮግራሙ ጎበዝ ነው» አለች ወይኒቱ፤ «አህያችን ናት የማትችለው። ጭነቱን እናውርድላት።»

ሁለተኛው ቀላል ነው። ሰማያዊ ነው፤ ያምራል፤ ጭብጨባው ልክ በልክ አረፈ። ግን ለሙከራ የተሰጠ ስለሆነ ከአራት ትራክ በላይ አይፈቅድም። ሦስተኛው በነፃ የሚታደል ነው። ግራጫ ነው፤ ጌጥ የለው፣ መብራት የለው። ጭብጨባው ትንሽ ዘገየ፤ ነገር ግን የዘገየውን ድምፅ በማውዝ ይዞ ወደ ቦታው መጎተት ይቻላል። ትራኩም ቢጨምሩበት ቢጨምሩበት እምቢ አላለም።

«በቃ፣ ይህ ነው» አለች ወይኒቱ። «ሲሳሳት ይታረማል፤ ቦታም አያልቅበትም።»

«መልኩን ግን አየሽው? የቀበሌ መዝገብ ቤት እኮ ነው የሚመስል።»

«ለዓይን ነው ለጆሮ የምንፈልገው?»

መልካሙ ግን ልቡ ሰማያዊውን ወዷል። «አራት ትራክ ይበቃናል» አለ። «አንድ ለከበሮ፣ አንድ ለጭብጨባ፣ አንድ ለእትዬ ዓባይነሽ፣ አንድ ለእትዬ ገላነሽ። አምስተኛ ማን አለ?» ወይኒቱ አልተከራከረችም። ከበሮውን እሱ መታ፤ ጭብጨባውን እሷ ከጓደኞቿ ጋር አጨበጨበች። ሰማያዊው ፕሮግራም ሁለት መስመር ይዞ አክስቶቹን ይጠብቅ ጀመር።

መቅጃ ክፍሉ የመልካሙ ዕቃ ቤት ነው። ገላነሽ ለጭነት መኪና የምታዘጋጀውን በርበሬ እዚያ ታስቀምጣለች፤ ጆንያው እስከ ጣሪያ ስለተደረደረ ድምፅ አያስተጋባም፤ የመንገዱ ጥሩምባም አይገባም። እንደ ስቱዲዮ ነው፤ ችግሩ ያስነጥሳል።

ዓባይነሽ በቅዳሜ ገበያ ቅቤዋን ሸጣ መጣች። ጉዳዩ ከማን ጋር እንደሆነ ወይኒቱ አልደበቀቻትም። «እርስዎ ለብቻዎ ነው የሚዘፍኑ» አለቻት። «እሳቸውም ለብቻቸው ነው። አትገናኙም።»

«ካልተገናኘንማ ምን ገዶኝ» አለች ዓባይነሽ። ከዚያ ዙሪያዋን አየች። «ለማን ነው እንግዲህ የምዘፍን? ለጆንያ?»

«ለእኔ» አለች ወይኒቱ፤ ፊት ለፊቷም ተቀመጠች።

ዓባይነሽ ጉሮሮዋን ጠርጋ ልትጀምር ስትል አስነጠሳት። ደግማ ልትጀምር ስትል ደግሞ አስነጠሳት። «የማን በርበሬ ነው?»

መልካሙ ኮምፒዩተሩ ላይ እንዳቀረቀረ «የቡሬ» አለ።

«ይታወቃል። የሚቆጠቁጥ ነገር ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣ» አለችና፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ አብሳ ዘፈነች። ወይኒቱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አወደሰቻት፤ አማቾቿን መረቀች፤ እያንዳንዱን ስንኝ አውርዳ ተቀባይዋ የምትገባበትን ቦታ ባዶ ትታ ዝም ትል ነበር። ያን ዝምታ ማንም አላስተማራትም። ለገላነሽ የሚሆን ልክ ነበር።

ገላነሽ የበርበሬ ጭነት ልታይ ስትመጣ ተራዋ ደረሰ። መልካሙ ጆሮ ማዳመጫውን አደረገላትና ዘፈኑን ለቀቀው። ገላነሽ ድንገት ዞር ብላ ከጆንያዎቹ ኋላ አየች።

«የለችም፣ እትዬ» አላት መልካሙ።

«እንዴት የለችም? ከራሴ ውስጥ ገብታ የለም ወይ» አለች። ጥቂት ጊዜ ፊቷን ቋጥራ ሰማች። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ሲመጣ አልዘፈነችም። ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው ግን ከንፈሯ ሳታዝዘው ተከፈተ፤ ድምፅዋ የዓባይነሽን ቃል ከመሬት ሳይደርስ አነሣው። ወይኒቱ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች። መልካሙ እየተቀዳ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየ።

እስከ መጨረሻው ተቀበለች። መልካሙ ሊያቆም ሲል ገላነሽ እጇን ዘርግታ «ቆይ» አለችው። ከበሮው እየመታ ሳለ ከማንም ሳትቀበል የራሷን አወረደች፦

ጢስ ዓባይ ወርጄ ጩኸት ብቻ ሰማሁ፣
ዓባይን አምኜ ጥሜን ይዤ መጣሁ።

ጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ አስቀመጠች። «ይህንንም ትስማው» ብላ በርበሬዋን ልትቆጥር ወጣች። ዓባይ ወንዝ ነው፤ ዓባይ ዓባይነሽ ናት፤ አባይ ደግሞ ቀጣፊ ነው። ሦስቱንም በአንድ ቃል ብላ ነበር የሄደችው።

«እናጥፋው» አለ መልካሙ። «ይህን ከሰማች ሠርጉም ላይ አትመጣም።»

«ንካውና ታያለህ» አለች ወይኒቱ። «ስንት ዓመት ዝም ተባብለው ኖረዋል። ይህ እኮ ንግግር ነው።»

በሚቀጥለው ገበያ ዓባይነሽ ስትመጣ መልካሙ ዘፈኑን ለቀቀላት። ዓባይነሽ የገላነሽን ድምፅ ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ግጥሙ ላይ ሲደርስ ቅንድቧ ተነሣ።

«እስቲ ድገመው» አለች።

ደገመላት። ዓባይነሽ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ ሣቀች። «ምላሷ አልዛገም እኮ» አለች። «እኔስ ቡሬ ያዛገው መስሎኝ ነበር። በል ቅዳኝ፤ መልሷን ልስጣት። እሷ ስትጨርስም እልልታውን እኔ ነኝ የምል። ይህ ከበሮ ደግሞ የማን ነው?»

«የእኔ» አለ መልካሙ።

«ልጄ፣ አንተ ራዲዮህን ጠግን። ከበሮውን ስጡኝ።»

ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። እልልታው ከሁለቱም ድምፅ ጋር ተደርቦ የሚገባ ነው፤ ከበሮዋ የመልካሙን ቢተካ እንኳ እልልታው አምስተኛ መስመር ይፈልጋል። መልካሙ አዲስ ትራክ ልክፈት ሲል ሰማያዊው ፕሮግራም ከአራት በላይ እንደማይፈቅድ አስታወቀው። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ነገረው።

«ጭብጨባውን ብናጠፋውስ?» አለ።

«ያለ ጭብጨባ ለቅሶ ነው የሚመስል» አለች ዓባይነሽ።

መልካሙ ወደ እህቱ ዞረ። የወይኒቱ ፊት ሣቅ አፍኗል። «እሺ» አለ፤ «መዝገብ ቤቱን ክፈችው።»

ዓባይነሽ ጠላ እየጠጣች ስትጠብቅ ወንድምና እህት አራቱን ድምፆች ለየብቻ አውጥተው ወደ ግራጫው ፕሮግራም አስገቧቸው። ሁሉም ከመስመር ወጥተው ገቡ፤ ገላነሽ ዓባይነሽ ቃሏን ሳትጨርስ ትቀበላለች። ወይኒቱ ማውዙን ይዛ፣ በጭብጨባው እየለካች፣ አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው ጎተተቻቸው። ሲገጥሙ መልካሙ ራሱን ነቀነቀ። ዳንቴሉን አጥፎ አስቀመጠና ሰማያዊውን ፕሮግራም ከኮምፒዩተሩ አጠፋው።

ከዚያ ዓባይነሽ ከበሮውን መታች፤ ቤቱ ተነቃነቀ። እልልታዋን አለች። መልሱ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ለስለስ አለ፦

ዓባይ ቢጮህ እንኳን የወንዝ ነው ልማዱ፣
ገላ ካልነካው ግን ምንድን ነው መውረዱ።

ዘፍና ስትጨርስ ሳትሰናበታቸው ወጣች። መልካሙ ስንኙን ለራሱ ደገመው። «ወንዙ ገላ ካልታጠቡበት ከንቱ ነው፤ እኔም ያለ ገላነሽ ግጥም ባወርድ ከንቱ ነው ማለቷ ነው» አለ። ለወይኒቱ ቀድሞ ገብቷታል።

ገላነሽ ይህን ስትሰማ ጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጫን አድርጋ ያዘች። መልካሙ ማሽኑ የደረቀ መስሎት ስክሪኑን አየ። ከዚያ ነጠላዋ ዓይኗ ላይ ሲሄድ አየ።

«በርበሬው ነው» አለች ገላነሽ።

«አዎ፣ እትዬ። እኛንም ያቃጥለናል።»

«ዘንድሮ ኃይለኛ ነው በርበሬው» አለችና ጆሮ ማዳመጫውን አስተካከለች። «ክፈትልኝ። ሌላ መስመር አለህ?»

«የፈለጉትን ያህል አለ።»

በሬ አጣልቶን ከርሞ ዓመት አልፎ ዓመት፣
ዛሬስ በሬ ክፍት ነው፤ ነይ ግቢ ወደ ቤት።

ስትጨርስ ራሷ ሣቀች፤ ሣቋም አብሮ ተቀዳ። ለእርሻ የሚጠመደው በሬና የቤቷ በር፣ በአንድ ቃል ገብተውላት ነበር።

ቅዳሜ ዓባይነሽ መጣች። አንድ ቅል ቅቤ እንኳ ገና አልሸጠችም። ሰማች። ይደገም አላለችም። ጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ለመልካሙ ሰጠችውና «የቡሬ ሚኒባስ መቼ ነው የሚወጣ?» አለች።

«ሲሞላ ነው። መልሱን አይቀዱም?»

«ይህ በኮምፒዩተር የሚመለስ አይደለም» አለች፤ ቅቤዋን አንሥታ ሄደች።

ቡሬ የሆነውን በኋላ የነገረቻቸው ገላነሽ ናት። በርበሬ ግቢው ላይ ተሰጥቶ ስታገላብጥ ዓባይነሽ ደጃፉ ላይ ቆመች። ገላነሽ በሩን በእጇ አሳየቻት፤ ክፍት ነው። ተቃቅፈው ቆዩ። ክንፈሚካኤል ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ወገቡ ከዳነ ቆይቷል። ዓባይነሽ ገብታ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዛት።

«ወንድሜ» አለችው፤ «በሬውን ነው ያልኩት እያልኩ ስምል ኖርኩ። ግማሹን ዋሽቻለሁ። ይቅር በሉኝ።»

ክንፈሚካኤል በአባቱ ወገን አገው ነው፤ በአገውኛ አንድ ነገር ለራሱ ብሎ ሣቀ። «እኔ እኮ የተቀየምኩት ሳትጨርሱት በመቅረታችሁ ነው» አላት። «ተኝቼ ሳለሁ እንኳ ያንን ግጥም ስደግመው ነበር። ደግሞም እውነት ነው፤ ተዘርሬ ነበር።» ዓባይነሽ የዚያን ቀን ወደ አገሯ አልተመለሰችም። ቅቤው እዚያው ተበላ።

ሠርጉ በጥር ደረሰ። መልካሙ ዘፈኑን በሲዲ ቀድቶ፣ ድምፅ ማጉያ ተከራይቶ፣ አባቱ ግቢ በተጣለው ዳስ ውስጥ ሽቦውን ዘርግቶ ጨረሰ። ሙሽራው አሸናፊ ዱርቤቴ አስተማሪ ነው፤ ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲመጣ መልካሙ ሲዲውን አስገባ። የአክስቶቹ ድምፅ ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ ግቢውን ሞላው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ፤ ድሮ አብረው ሲዘፍኑ የሰሙ ሁሉ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ሁለቱ አክስቶች ግን ከጓዳ ተያይዘው ወጡ። ዓባይነሽ ከበሮ አንግታለች።

«መልካሙ» አለች ገላነሽ፤ «ይህን ዝጋው፣ ልጄ። እኛው ራሳችን አለን።»

መልካሙ ስንት ሳምንት የለፋበትን ነገር በአንድ ጣት ዘጋው። ትንሽ ቅር ብሎት ነበር፤ ግን ዓባይነሽ አውርዳ ገላነሽ ስትቀበል ቅሬታው የት እንደገባ አላወቀም። ያለ ድምፅ ማጉያ እስከ ማዶው መንደር ይሰማ ነበር። የተጣሉበትንም ያስታረቃቸውንም ግጥም አንድ ሳያስቀሩ ዘፈኑት። ቡሬ ላይ ሲደርሱ ክንፈሚካኤል ራሱ መሀል ገብቶ ትከሻውን ሰበቀ፤ ዳሱ ያን ለት እንደገና በሣቅ ፈረሰ። ወይኒቱ ሙሽራ አንገቷን መድፋት እንዳለባት ረስታ ታጨበጭብ ነበር። መልካሙ ድምፅ ማጉያው ላይ ተደግፎ፣ የሚጠግነው ነገር አጥቶ፣ ከሰው ሁሉ ጋር ይቀበል ነበር።

ሙሽሮቹ ሲሸኙ ግን መልካሙ ወደ መኪናዋ መስኮት ጠጋ ብሎ ሲዲውን ለእህቱ ሰጣት። «እነሱ እዚህ ይቀራሉ» አላት። «ይህ አብሮሽ ይሂድ።»

ወይኒቱ ተቀብላ ለሾፌሩ አቀበለችው። መኪናዋ ጥሩምባዋን እየነፋች ከግቢው ወጥታ አስፋልቱን ስትይዝ፣ ዓባይነሽ ከሲዲው ውስጥ ማውረድ ጀመረች። አሸናፊ ጆሮውን ሰጠ። ገላነሽ ልትቀበል ስትል ወይኒቱ ድምፁን ትንሽ ዝቅ አስደረገችና በራሷ ድምፅ ተቀበለች። የመጀመሪያው ጥቂት ዘገየባት። ሁለተኛው ልክ ቦታው ላይ አረፈ። ወደ ዱርቤቴ በሚወስደው መንገድ ሁሉ አንዱንም ሳታስቀር እየተቀበለች ሄደች።